በባሕር ዛፉ ጫፍ የሚያልፍ መስመር

ጳጉሜ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ከፉሪ ተራራ በኩል ግራጫ ነጠላውን እየጎተተ ሲመጣ፣ ለቡ መብራት ኃይል ያለው መጋዘን እንደ ትናንቱና እንደ ከትናንት ወዲያው ከዓለም ተቆረጠ።

መጋዘኑ የአንድ ትልቅ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ያለ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ሲሆን፣ ድርጅቱ በከተማው ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ቅርንጫፎች አሉት። አንዱ ቅርንጫፍ በኮምፒውተር «ይህ መድኃኒት አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው በዋናው መሥሪያ ቤት በኩል አልፎ ለቡ መጋዘን ይደርስና መልሱ ዓይን ሳይርገበገብ ይመለሳል። ድሮ ይህ ሁሉ የሚመላለሰው መሬት ውስጥ በተቀበረ የፋይበር መስመር ነበር። ክረምቱ ሲገባ መንገድ ተቆፈረና ፋይበሩ ተበጠሰ፤ ጥገናው ከአዲስ ዓመት በፊት አይደርስም ተባለ። እስከዚያው የአሥራ ዘጠኙ ቅርንጫፍ ነገር የተንጠለጠለው በሁለት ነጫጭ ዲሾች ላይ ነው። አንዱ ብስራተ ገብርኤል ጣሪያ ላይ፣ ሌላው ለቡ መጋዘን ጣሪያ ላይ ተሰቅለው፣ አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ተራርቀው ቀኑን ሙሉ ይተያያሉ።

ዲሾቹን ከሦስት ዓመት በፊት ለመጠባበቂያ የሰቀለቻቸው ቀመሪያ ናት።

ቀመሪያ ለትልልቅ ድርጅቶች ኔትወርክ በሚዘረጋ ኩባንያ ውስጥ መሐንዲስ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ ነው። ሀና ማርያም የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ካላቸው አባቷ ጋር ትኖራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰማይ ሰማይ እያየች የምትሄድ ልጅ ነበረች፤ እናቷ በየቀኑ «ዛሬስ ጉድጓድ ውስጥ አልገባሽም?» እያሉ ይቀበሏት ነበር። ይህ አመሏ ሥራ ላይ ጠቀማት። ሌሎች መሐንዲሶች ካርታ ላይ የሚያዩትን ቀይ መስመር እሷ አየር ላይ ታየዋለች። ከቢሮዋ መስኮት ቀና ስትል፣ ከቆርቆሮውና ከሕንፃው በላይ፣ ከጭልፊቶቹ በታች፣ ብዙ መስመሮች የተዘረጉ ይመስላታል። ባንኩ ከባንኩ፣ ፋብሪካው ከመጋዘኑ ጋር ድምፅ በሌለው ወሬ ይያያዛሉ። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«ቀመሪያ፣ እንግዲህ ምን ልበልሽ» አለች ሚካል በስልክ። ሚካል የመድኃኒት ድርጅቱ የቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ ናት፤ ስትናደድ ድምጿ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። «አሁንም ጠፋ። መጋዘን ያሉት ልጆች በወረቀት መጻፍ ጀምረዋል። የጀሞ ቅርንጫፍ ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን አዝዞ አንዱም አልደረሰም። ታማሚዎች በር ላይ ቆመው ነው ያሉት።»

«ዲሹን ቀየርኩት። ኬብሉንም ቀየርኩት። ቴክኒሻኑ ለታ ዛሬ ጠዋት እንደገና አቅጣጫውን አስተካክሎታል። ጠዋት ጠዋት እኮ አንደኛ ነው።»

«ጠዋትማ ማን አይሠራም አለሽ? እኔን የጨነቀኝ ከሰዓቱ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ቀመሪያ ኮምፒውተሯ ላይ የመስመሩን የሳምንት ግራፍ ከፈተች። ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት እንደ ረጋ ኩሬ ተኝቷል፤ ከዚያ በኋላ ግን የመጋዝ ጥርስ ይሆናል፤ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። ዝናብ ብቻውን እንዲህ አያደርግም። ዝናብ ሲግናል ሲያደክም ቀስ ብሎ ነው፣ እኩል አድርጎ ነው የሚያደክመው። ይሄ ግን ይወዛወዛል። የግራፉን ጥርስ ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየችና እጇን አገጯ ላይ እንዳደረገች «የሆነ ነገር እየነቀነቀው ነው» አለች ለራሷ።

በማግሥቱ መስመሩን በእግሯ ልትከተለው ወሰነች።

ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ከብስራተ ገብርኤል ተነሣች። ስልኳ ላይ ካርታውን ከፍታለች፤ ቀዩ መስመር ከቤቶቹ ጣሪያ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። መስመሩ አጥር አያውቅም፣ ወንዝ አያውቅም። እሷ ግን በሰው መንገድ ነው የምትሄደው፤ ስለዚህ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘች በየአሥር ደቂቃው ከሥሩ ታልፋለች። ባለፈች ቁጥር ቆም ብላ ቀና ትላለች። ሰማዩ የታጠበ ነው። ምንም አይታይም። ቢሆንም ልክ እዚያ ቦታ ላይ፣ ከጭንቅላቷ በላይ፣ የሆነች የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ጥያቄ እያለፈ እንደሆነ ታውቃለች፤ መልሱም ሲመለስ ፀጉሯን ነካ አድርጓት የሄደ መሰላት።

መካኒሳ ደርሳ ወንዙን ተሻገረች። ውሃው በክረምቱ ደፍርሶ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ከወንዙ ማዶ የእንጨት መሰንጠቂያ አለ፤ የመጋዙ ዱቄት እርጥብ ሆኖ ይሸታል። ባዶ የትምህርት ቤት ግቢ አለፈች። ላፍቶ ዳገት ሥር በቆሎ የምትጠብስ ሴት ዣንጥላ ዘርግታ ተቀምጣለች። ቀመሪያ እዚያም ቆመችና አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሰማዩን ታየው ጀመር።

«እህቴ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አለች በቆሎ ጠባሿ።

«መስመር።»

«የምን መስመር?»

«የኔትወርክ። አይታይም።»

ሴትየዋ በቆሎውን ገለበጠች። «የማይታይ ነገር ደግሞ እንዴት ነው የሚጠፋው?»

ቀመሪያ ሳቀች። አንድ በቆሎ ገዛችና አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሴትየዋ አያንቱ እንደምትባል ነገረቻት። ቀመሪያም የምትፈልገው ረጅም ነገር እንደሆነ፣ አዲስ ሕንፃ ይሁን ክሬን ይሁን እንደማታውቅ አስረዳቻት።

«እዚህ ሰፈር ሰማይ የሚነካ ነገር አንድ ብቻ ነው» አለች አያንቱ በመቆስቆሻዋ ወደ ዳገቱ እያመለከተች። «የእትዬ ተናኘ ዛፍ። የጋሽ ከበበውም ነው። እዚያ ስትደርሺ የማን ነው ብለሽ እንዳትጠይቂ ብቻ።»

ዛፉ ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ግንዱ ሁለት ሰው ተቃቅፎ የሚዞረው አይደለም። ከላይ ልጡ ተልጦ ወተት መስሎ ወጥቶ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል እንደ ደመና ተሸክሟል። በዚህ ክረምት ብቻ ሁለት ሜትር ሳያድግ አልቀረም። ቀመሪያ ካርታዋን አየች። ቀዩ መስመር በዛፉ ጫፍ ጎን ለጎን ያልፋል፤ ክር ቢሆን ኖሮ አይነካውም ነበር። መስመሩ ግን ክር አይደለም፤ መሐሉ ላይ እንደ ዳቦ ያብጣል፤ ዛፉ ያለውም መሐሉ ላይ ነው።

ስልኳን አወጣችና ለቡ ጣሪያ ላይ ለተቀመጠው ቴክኒሻን ለለታ ደወለች።

«ለታ፣ ሲግናሉን እያየህ ንገረኝ። አታቋርጥ።»

«ምን እያደረግሽ ነው ኢንጂነር?»

«ዛፍ እያየሁ ነው።»

ለታ አልጠየቀም፤ አብረው ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ሰማዩ ከፉሪ በኩል ጠቆረ፤ ከዝናቡ ቀድሞ የሚመጣው ነፋስ ዳገቱን ወጣ። የባሕር ዛፉ ጫፍ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ቀስ ብሎ ወደ ምሥራቅ ተኛ።

«አለ… አለ…» አለ ለታ። ዛፉ ተመለሰ፤ ወደ ምዕራብ ጎበጠ። «ደከመ… ሄደ!» ዛፉ ቀና አለ። «ተመለሰ። አለ…» ዛፉ ጎበጠ። «ሄደ።»

ቀመሪያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ አንጋጣ ቆመች። የለታ ድምፅና የዛፉ ውዝዋዜ አንድ ሆኑባት፤ ዛፉ ራሱ የሚያወራ፣ የአሥራ ዘጠኝ መድኃኒት ቤቶችን ትንፋሽ እየሳበ የሚለቅ መሰላት። የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ግንባሯ ላይ ሲያርፍ ነው የነቃችው።

ከዛፉ ሥር ድሮ አንድ የነበረ ግቢ ለሁለት ተከፍሏል። በአንዱ አጥር ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ በር ጎን ለጎን ተገጥመዋል፤ በግቢው መሐል ደግሞ የቆርቆሮ አጥር ከመንገዱ ተነሥቶ ዛፉ ጋ ሲደርስ በግንዱ ልክ ተቆርጧል። ዛፉ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ነው።

ሰማያዊውን በር አንኳኳች። ወይዘሮ ተናኘ ከፈቱላት፤ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሴት ናቸው። በረንዳ ላይ አስቀምጠው ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«እና ልትቆርጪው ነው?»

«እማማ፣ ጫፉን ብቻ ቢከረከም…»

«ጫፉን ያጣ ባሕር ዛፍ ምን ይሆናል? ለማንኛውም እኔ ግማሽ ዛፍ ነው ያለኝ። ያኛውን ጠይቂው። ቁረጡት ነው የሚልሽ።»

አረንጓዴውን በር አንኳኳች። አቶ ከበበው የወይዘሮ ተናኘ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ብዙ ዘመን የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ከታች ሁለት ክፍል አከራይተው ፎቁ ላይ ይኖራሉ። እሳቸውም እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«እሷ ምን አለች?»

«እርስዎን እንድጠይቅ ነገሩኝ።»

«ቁረጡት አላለችም?»

«አላሉም።»

አቶ ከበበው ያልጠበቁት ነገር የሰሙ ይመስል ወደ ቆርቆሮው አጥር ዞር አሉ። «እንግዲያ እኔም አላልኩም። ሂጂና ንገሪያት።»

ቀመሪያ ወጥታ፣ ሁለት እርምጃ ተራምዳ፣ ሰማያዊውን በር አንኳኳችና ነገረች። ወይዘሮ ተናኘ «ውሸቱን ነው» አሉ። ተመልሳ ያንን ሳትናገር «እንዲቆረጥ አይፈልጉም» አለች። በዝናብ ውስጥ ስድስት ጊዜ ተመላለሰች። ሁለቱም ዛፉን እንደማይሰጡ፣ ሁለቱም ግን ሌላው ይሰጣል ብለው አራት ዓመት ሙሉ ሲፈሩ እንደኖሩ የገባት በስድስተኛው ላይ ነው። ጫማዋ ውሃ ሞልቶ ነበር።

ማታውን ስታስበው መንገድ አገኘች። ዛፉ ካልተነካ መስመሩን ማጠፍ ነው። የአቶ ከበበው ፎቅ ከዛፉ በስተምዕራብ ነው፤ ጣሪያው ላይ የስድስት ሜትር ምሰሶ ቆሞ ሁለት ዲሽ ቢታሰርበት፣ አንዱ ብስራተ ገብርኤልን፣ ሌላው ለቡን ያያል። መስመሩ እንደ ክንድ ታጥፎ ዛፉን በጎን ያልፈዋል። ችግሩ አንድ ነበር። ምሰሶው ነፋስ እንዳይጥለው በሦስት ገመድ ወደ ሦስት አቅጣጫ መወጠር አለበት። ሦስተኛው ገመድ የቆርቆሮውን አጥር ተሻግሮ ወይዘሮ ተናኘ ግቢ ውስጥ ነው የሚታሰረው።

ጠዋት ለሚካል ደውላ ነገረቻት።

«ሁለቱም ይፈቅዳሉ?» አለች ሚካል።

«ለአራት ዓመት አልተነጋገሩም።»

«ቀመሪያ፣ እኔ የጠየቅኩሽ ስለ ኔትወርክ ነው።»

«እኔም የመለስኩልሽ ስለ ኔትወርክ ነው» አለች ቀመሪያ፤ ለቀልድ ብላ ሳይሆን እውነቱ ያ ስለነበረ ነው።

ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ አቶ ከበበው ጣሪያቸውን ፈቀዱ። ወደ ወይዘሮ ተናኘ በር ስትደርስ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ፀሐይዋ ሳትጠፋ ዝናቡ ጀመረ። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ልጆች እየጮኹ በመንገዱ ላይ ይሯሯጣሉ፤ ሴቶች ሳፋና ባልዲ ደጅ ደርድረዋል፤ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው በረንዳቸው ፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። ብርሃኑ ወርቅ ነው፣ ጠብታው እየበራ ነው የሚወርደው፤ የሚሰማው ድምፅ ሁሉ ከሩቅ የመጣ ይመስላል። ወይዘሮ ተናኘን በባዶ እግራቸው፣ ነጠላቸውን አውልቀው ግቢያቸው መሐል ቆመው አገኘቻቸው።

«ነይ ግቢ። ዣንጥላሽን እጠፊው።»

«እማማ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ እኮ።»

«ታዲያ ጠይቆሽ ነው እንዴ የሚያርፍብሽ?»

ዣንጥላዋን አጠፈች። ዝናቡ ሻርፗን አልፎ እስከ አንገቷ ወረደ። ለብ ያለ ነበር። ሁለቱም ጎን ለጎን ቆሙ። የባሕር ዛፉ ሽታ ከላይ ይወርዳል። ቀመሪያ ለሥራ እንደመጣች ለጥቂት ጊዜ ረሳችው፤ ሲመለስላት ስለ ምሰሶው፣ ስለ ገመዱ፣ ገመዱ ስለሚታሰርበት ብረት ቀስ ብላ አወራች።

ወይዘሮ ተናኘ ፊታቸው ወደ ቆርቆሮው ነው።

«ይሄን አጥር ለምን እንደሠራነው ታውቂያለሽ?» አሉ በመጨረሻ። «እናታችን ስታጣጥር ሦስት ጊዜ ደወልኩለት። እሱ አፋር በረሃ መኪና ይዞ ሄዷል። ጠራ። በዚህ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አያነሳም። በቀበርናት በሁለተኛው ቀን መጣና አልተደወለልኝም አለ።»

«አልተደወለልኝም አላልኩም!» አለ ድምፅ ከቆርቆሮው ወዲያ። ቀመሪያ ደነገጠች። አቶ ከበበውም በዝናቡ ውስጥ ቆመው ኖሯል፤ ከአጥሩ ሥር እርጥብ ባዶ እግራቸው ይታያል። «ስልኬ አልጮኸም ነው ያልኩት። እጄ ላይ ነበር። አልጮኸም።»

ወይዘሮ ተናኘ ወደ ቀመሪያ ዞሩ። ውሃው በጉንጫቸው ይወርዳል።

«አንቺ የዚህ ነገር ባለሙያ ነሽ። እኔ ጆሮ ላይ እየጠራ እሱ ጋ ላይጮህ ይችላል? እንዳትዋሺኝ። ዛሬ እንዳትዋሺኝ።»

ቀመሪያ መልሱ አፏ ላይ ነበር። «አዎ፣ እንደዚያ ነው የሆነው» ብትል ሁሉም ነገር ያልቃል፤ ገመዱ ይታሰራል፣ ሚካል ትተኛለች፣ እነዚህ ሁለት ሰዎችም ምናልባት ይታረቃሉ። ቃሉን ልትለው ትንፋሿን ሳበች። ነገር ግን የምታውቀው ያን ያህል አልነበረም፤ ስለማይታዩ ነገሮች በማታውቀው መማል ደግሞ ከሁሉ የምትፈራው ነገር ነው።

«ሊሆን ይችላል፣ እማማ» አለች። «እሳቸው ያሉበት ቦታ ሲግናሉ የሳሳ ከሆነ፣ ወይ መስመሩ ከተጨናነቀ፣ ደዋዩ ጆሮ ላይ ይጠራል፤ እዚያኛው ስልክ ግን ምንም አይሰማም። እኔም ራሴ ገጥሞኛል። ያን ቀን ሆኗል ብዬ ግን ልምልልዎት አልችልም። አላውቅም። አሁን ማንም ሊያውቀው አይችልም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል።

«ሊሆን ይችላል» አሉ ወይዘሮ ተናኘ፣ ቃሉን እንደ ጨርቅ በእጃቸው የሚዳስሱ ይመስል። «አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። አንዱ ይመጣና ዋሽቷል ይላል። አንዱ ይመጣና ይቅር በይው ይላል። ሊሆን ይችላል ያለኝ ግን የለም።»

ልጆቹ ከመንገዱ ወዲያ እየዘፈኑ አለፉ። ከዚያ ወይዘሮ ተናኘ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና «ያ ብረት የት ነው የሚቀበረው?» አሉ።

በማግሥቱ ለታ ምሰሶውንና ዲሾቹን በፒክአፕ ይዞ መጣ። ጠዋቱ ጉም ነበር፤ ከጣሪያው ላይ ሲታይ ላፍቶ ከነቤቶቿ ተንሳፍፋለች፣ ባሕር ዛፉ ብቻ ከወተት ውስጥ የወጣ መስሎ ቆሟል። ቀመሪያ ጉሙ እስኪገፈፍ ጠብቃ የብስራተ ገብርኤልን ሕንፃ በሩቅ ማያ መነጽር ፈለገችው፤ ነጩ ዲሽ ከሩቅ ትንሽ እንደ ጥርስ ብልጭ ሲል አየችው።

ምሰሶውን አቆሙ። ለታ በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላ በኩል ደግፈው ይዘውታል፤ ሁለቱ ገመዶች በአቶ ከበበው ግቢ ታሰሩ። ሦስተኛውን ለማሰር ግን እሷም ሆነች ለታ ምሰሶውን ሊለቁት አልቻሉም።

«ጋሼ፣ እጃችን ተይዟል!» ብሎ ጮኸ ለታ ወደ ታች። «ያንን ብረት እዚያኛው ግቢ የሚመታልን ሰው ያስፈልጋል!»

አቶ ከበበው መዶሻውንና ብረቱን አነሡ። በአረንጓዴው በር ወጡ። ቀመሪያ ከጣሪያው ላይ ሆና ታያቸዋለች፤ በሰማያዊው በር ፊት ቆመው ልብሳቸውን አስተካከሉ፤ አላንኳኩም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

«ልግባ?» አሉ።

«ምን ቆመህ ትጠይቃለህ? ክፍት አይደለም እንዴ?» አለ ከውስጥ ድምፅ።

ገቡ። ግቢውን ዞር ዞር ብለው አዩ። የገመዱን ጫፍ ተከትለው ሄደው አንድ ቁጥቋጦ አጠገብ ብረቱን አቆሙና መዶሻውን አነሡ።

«እዚያ ላይ አይሆንም!» አሉ ወይዘሮ ተናኘ። «የእናታችን ጤናዳም ነው።»

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። «እስካሁን አለ?»

«የት ይሄዳል ብለህ ነው?»

አቶ ከበበው ጎንበስ ብለው ቅጠሉን ነኩ፤ ጣታቸውን አሸተቱ። እንደዚያው ጎንበስ ብለው ቆዩ፤ ጣሪያው ላይ ለታ የዛለ ክንዱን ለወጠና ምሰሶውን በትከሻው ደገፈ። ከዚያ ብረቱን አንድ እርምጃ ወደ ጎን አዛወሩና መምታት ጀመሩ። ወይዘሮ ተናኘ ብረቱ እንዳይዘም ሥሩን በሁለት እጃቸው ያዙላቸው። «እጅሽን እቴቴ» አሉ አቶ ከበበው በየምቱ መሐል፣ «እጅሽን አንሺ፣ እመታሻለሁ።» አላነሡም። አልተመቱምም።

በመጨረሻው የጳጉሜ ቀን ዝናቡ በሰዓቱ መጣ። ቀመሪያ እንደዚያ ቀን ዛፉ ሥር ቆማ ለለታ ደወለች። ነፋሱ ዳገቱን ወጣ፤ ባሕር ዛፉ ወደ ምሥራቅ ተኛ።

«አለ» አለ ለታ። ዛፉ ወደ ምዕራብ ጎበጠ። «አለ…» ቅጠሎቹ ውሃ ጠጥተው ከበዱ፣ ጫፉ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደ። «አለ። አለ። ኢንጂነር፣ አሁንም አለ።»

ቀመሪያ ቀና አለች። በዛፉ ጎን፣ በዝናቡ ውስጥ፣ ምንም የማይታይበት ቦታ ላይ አንድ ነገር እየታጠፈ ሲያልፍ ያየች መሰላት። የጀሞ ኢንሱሊን ይሆን? የሆነች ሴት መልስ ይሆን? ስልኳ ላይ ሌላ ጥሪ ገባ፤ ሚካል ናት።

«ከሰዓት ነው እኮ» አለች ሚካል፤ ድምጿ ከፍ ብሎ ነበር። «ከሰዓት ነው፣ ዝናብ ነው፣ አሥራ ዘጠኙም አሉ!»

ፋይበሩ በመስከረም አጋማሽ ተጠገነ። ሚካል ግን ምሰሶው እንዲነሣ አልፈቀደችም፤ መሬቱ እንደገና ቢቆፈር መጠባበቂያ ይሆናል ብላ ከአቶ ከበበው ጋር የጣሪያ ኪራይ ውል ተዋዋለች። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ብርዱ ጠዋት ጠዋት አፍንጫ ሲነካ፣ ቀመሪያ የገመዶቹን ውጥረት ልታይ ላፍቶን ወጣች።

ሰማያዊውን በር አልፋ ገብታ ቆመች። ከጣሪያው ተነሥቶ ግቢው ውስጥ በሚወርደው ሦስተኛ ገመድ ላይ፣ ከታች እጅ በሚደርስበት በኩል፣ አንሶላ፣ ሁለት ነጠላና አንድ የወንድ ሸሚዝ ተሰጥቷል።

«እማማ! በገመዱ ላይ ልብስ አይሰጣም እኮ። ያረግበዋል።»

ወይዘሮ ተናኘ ከቤት ብቅ አሉ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ከቆርቆሮው ወዲያ ድምፅ ተነሣ።

«ነግሬያታለሁ! መቼ ትሰማኛለች! ይኸው፣ የገመዱ ባለቤት ራሷ መጣች!»

«አንተ ዝም በል፤ ሸሚዝህ አይደለም እንዴ የተሰጣው?»

«እጠቢልኝ ብዬ ለመንኩሽ?»

«በጭቃ ተለውሶ ነው የመጣው! እንደ ሰው ልበስ!»

ቀመሪያ የውጥረት መለኪያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ገመዱን ለካች። ጥቂት ረግቧል፤ ለክፉ አይሰጥም። ስልኳን ከፍታ ሲግናሉን አየች፤ እንደ ረጋ ኩሬ ተኝቷል። የእህትና የወንድም ንትርክ ከቆርቆሮው በላይ ሲመላለስ ትንሽ ቆማ አዳመጠች። ስለዚያ ስልክ ጥሪ ይነጋገሩ እንደሆነ፣ ወይዘሮ ተናኘ አምነው እንደሆነ አልጠየቀችም። ማጥበቂያውን ሁለት ዙር አዞረችው። ነፋስ መጣና አንሶላው ተነፋ፤ ነጠላዎቹ ተነሥተው ፀሐይ በውስጣቸው አለፈች፤ የሸሚዙ እጅጌዎችም ወደ ዛፉ አቅጣጫ ተዘረጉ።

«ምሳ ሳትበዪ እንዳትሄጂ» አሉ ወይዘሮ ተናኘ።

«እኔ ጋ ነው የምትበላው!» አሉ አቶ ከበበው።

ሁለቱም ጋ በላች።